የማኅበራዊ ሚዲያ ባለሙያዎች ወርኃዊ የትውውቅ መድረክ በአዲስ አበባ፦ ከዝግጅት እስከ ክትትል

በአዲስ አበባ የድርጅቶችን የፌስቡክ፣ የቴሌግራም፣ የቲክቶክና የሊንክድኢን ገጾች ከሚያስተዳድሩት ሰዎች ብዙዎቹ በሙያቸው ብቸኞች ናቸው። የአንድ ባንክ ወይም የአንድ ግብረ ሠናይ ድርጅት የሕዝብ ግንኙነት ክፍል አምስት ስድስት ሠራተኛ ቢኖረውም፣ ፔጁን ከነጠባዩ የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ነው። ማስታወቂያ ምክንያቱ ሳይገለጽ ሲከለከል፣ ገጹ ተጠልፎ በሌላ እጅ ሲገባ፣ ወይም አለቃው «እነ እገሌ የሚያገኙትን ያህል ዕይታ እኛ ለምን አናገኝም?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ያ ሰው የሚያማክረው የሥራ ባልደረባ የለውም። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው እንዲህ ያሉ ባለሙያዎችን በወር አንድ ጊዜ በአካል የሚያገናኝ፣ ከ20 እስከ 30 ሰው የሚይዝ መድረክ ለማቋቋም ለሚያስብ ሰው ነው። አዳራሽ ሞልቶ፣ ባነር ተሰቅሎና የምስክር ወረቀት ታድሎ የሚያበቃውን ዓይነት ዝግጅት አይመለከትም፤ ያ ሌላ ሥራ ነው፣ በጀቱም ሌላ ነው።

አንደኛ፦ ማን እንደሚመጣ መወሰን

«በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሚሠራ ሁሉ ይምጣ» የሚል ግብዣ ሲታይ ደግ ይመስላል፤ በተግባር ግን ማንንም አይጠቅምም። በዚህ ሙያ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ሰዎች አሉ። የመጀመሪያዎቹ በወር ደመወዝ የአንድን ድርጅት ገጽ የሚይዙ ናቸው። ሁለተኛዎቹ በኤጀንሲ ተቀጥረው ወይም በግላቸው ለተለያዩ ደንበኞች ይሠራሉ። ሦስተኛዎቹ ደግሞ በራሳቸው ስም ይዘት የሚያዘጋጁ ቲክቶከሮች፣ ዩቲዩበሮችና የቴሌግራም ቻናል ባለቤቶች ናቸው። የመጀመሪያው ወገን የሚፈልገው ከአደጋ መራቅን ነው፤ ሁለተኛው ደንበኛ ይፈልጋል፤ ሦስተኛው ከሁለቱ ማስታወቂያ ይጠብቃል።

በእኔ እምነት መጀመር የሚገባው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወገኖች ነው። ሦስተኛው ወገን ለተወሰነ ርእስ በእንግድነት ቢጠራ መልካም ነው፤ ነገር ግን ታዋቂ ሰው በገባበት ክፍል ውስጥ ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ለመነሣት ስለሚሰለፍ የሙያው ወሬ እዚያው ላይ ይቋረጣል። ስለዚህ አዘጋጆቹ የመድረኩን ዓላማ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ለምሳሌ «የድርጅት ገጽ የሚያስተዳድሩ ባለሙያዎች በወር አንድ ጊዜ ተገናኝተው የገጠማቸውን የሥራ ችግር የሚመካከሩበት መድረክ» ማለት ይቻላል። ቆይቶ «የእኔ ጓደኛም ይምጣ?» የሚለው ጥያቄ ሲበዛ መልሱ ከዚህች ዓረፍተ ነገር ይገኛል።

ሁለተኛ፦ ሦስት አዘጋጅ ማግኘት

አንድ ሰው ብቻውን የሚያዘጋጀው መድረክ ያ ሰው ሥራ ሲበዛበት ወይም ሲታመም ይቀራል። ሦስት ሰው በቂ ነው፤ ከሦስት ሲበልጥ ደግሞ አዘጋጆቹ ራሳቸው ለመገናኘት ቀጠሮ ማጣት ይጀምራሉ። ሦስቱ ከአንድ ኤጀንሲ ባይሆኑ ይመረጣል፤ ሌሎቹ ኤጀንሲዎች መድረኩን ደንበኛ ማጥመጃ አድርገው ስለሚያዩት አይመጡም። አንደኛው ቦታውንና ገንዘቡን፣ ሁለተኛው ግብዣውንና ዝርዝሩን፣ ሦስተኛው በዕለቱ ውይይቱን የመምራቱን ሥራ ይያዝ። የሥራ ክፍፍሉ በጽሑፍ ይቀመጥ።

ሦስተኛ፦ ቀኑንና ሰዓቱን መቁረጥ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው። በየወሩ በድምፅ ብልጫ ቀን የሚመርጥ መድረክ ዕድሜ የለውም፤ ምክንያቱም ድምፅ የሰጠውም ሰው ቀኑ ሲደርስ ይረሳዋል። የ21ዱን ማርያም የሚጠጡ ማኅበርተኞች ማንም ሳያስታውሳቸው በየወሩ እንደሚሰበሰቡት ሁሉ፣ የሙያ መድረክም የሚቆየው ቀኑ የማይለዋወጥ ሲሆን ነው።

ለአዲስ አበባ የሚስማማው በኢትዮጵያ አቆጣጠር የየወሩ ሁለተኛ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል ነው። ምክንያቶቹም የሚከተሉት ናቸው። የሥራ ቀን ምሽት ከሆነ፣ ብዙ ገጾች ዋና ልጥፋቸውን የሚያወጡትና አስተያየት የሚጎርፍባቸው በዚያው ሰዓት ስለሆነ ባለሙያው በአካል መጥቶ በልቡ ስልኩ ውስጥ ይቀራል። እሑድ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለቤተሰብና ለዕድር የተያዘ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ግማሽ ቀን የሚሠሩትም ነፃ ይሆናሉ። ሁለተኛው ቅዳሜ የተመረጠበት ምክንያት ደግሞ ብዙም የማይታሰብ ነው፦ ዓለም አቀፍ ድርጅቶችና የውጭ ደንበኞች የሚጠይቁት ወርኃዊ ሪፖርት የሚደርሰው በጎርጎርዮሳዊው ወር መጨረሻ ሲሆን፣ ያም በእኛ አቆጣጠር ከወሩ 20 እስከ 25 ባለው ጊዜ ላይ ይውላል። ሁለተኛው ቅዳሜ ምንጊዜም ከወሩ 8 እስከ 14 ባሉት ቀናት ውስጥ ስለሚያርፍ ከሪፖርት ጥድፊያ የራቀ ነው።

ይሁን እንጂ በዓላት መታየት አለባቸው። ጥር 10 ከተራ፣ 11 ጥምቀት፣ 12 ቃና ዘገሊላ ስለሆነ በጥር ወር ሁለተኛው ቅዳሜ ከእነዚህ በአንዱ ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ መድረኩ በአንድ ሳምንት ይገፋ። ኅዳር 12 የሚውለው የኅዳር ሚካኤልም እንዲሁ ነው። የሙስሊም በዓላትና የረመዳን ወር በየዓመቱ ስለሚዘዋወሩ የዓመቱ መርሐ ግብር በመስከረም ሲወጣ አብረው ይታዩ። በረመዳን ጾመኞች ለማፍጠሪያ ቤታቸው መድረስ ስላለባቸው መድረኩ በ11 ሰዓት ቢያበቃ የተሻለ ነው፤ በሌላውም ወር የዐሥር (የከሰዓት በኋላው) ሶላት ሰዓት በስብሰባው መካከል ስለሚውል አጭር ዕረፍት ይደረግ፣ ለሶላት የሚሆን ንጹሕ ቦታም አስቀድሞ ይታይ። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ በእነዚህ ሁለት ወራት መድረኩን ማሳረፍ ወይም ወደ ጠዋት ማዛወር ይቻላል።

ስለ ሰዓት አጻጻፍ አንድ ማሳሰቢያ አለ። በግብዣው ላይ «9 ሰዓት» ተብሎ የተጻፈው ወደ ስልክ ካሌንደር ሲገባ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል። ስለዚህ በጽሑፉ «ከቀኑ 9 ሰዓት» ተብሎ ይገለጽ፤ በኤሌክትሮኒክ የካሌንደር ግብዣ ላይ ግን 15፡00 ተብሎ ይሞላ። ቀኑም በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ። ከውጭ አገር ተመልሰው የሚሠሩና በዓለም አቀፍ ድርጅት የተቀጠሩ ባለሙያዎች ስላሉ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አራተኛ፦ ቦታ መምረጥ

ብዙ አዘጋጅ መጀመሪያ የሚያስበው ቦሌ ያለ ካፌን ነው። ካፌ ርካሽ ነው፤ ሆኖም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሙዚቃው ከፍ ይላል፣ ወንበር ይጠባል፣ አስተናጋጁም ሃያ ሰው በማኪያቶ ብቻ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲቀመጥ ፊቱን ያጠቁራል። ካፌ ከተመረጠ ከባለቤቱ ጋር ቀድሞ በመነጋገር አንድ ጥግ ወይም ፎቅ እንዲያዝና ሙዚቃው እንዲቀነስ መስማማት ያስፈልጋል።

ከካፌ የተሻሉት ሦስት ዓይነት ቦታዎች ናቸው። አንደኛው የቴክኖሎጂና የጀማሪ ድርጅቶች ማዕከላት ናቸው፤ በ2011 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው አይስአዲስ ለዚህ ዓይነት ስብሰባ በከተማዋ ፈር ከቀደዱት አንዱ ነው። ሁለተኛው እንደ ጎተ ኢንስቲትዩት ያሉ የባህል ተቋማትና የቤተ መጻሕፍት አዳራሾች ሲሆኑ፣ እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ ዓላማውን የሚገልጽ ደብዳቤ ከሳምንታት በፊት ይፈልጋሉ። ሦስተኛውና ለእኔ የሚሻለው የአባላቱ መሥሪያ ቤቶች ናቸው። የኤጀንሲዎችና የድርጅቶች የስብሰባ ክፍል ቅዳሜ ከሰዓት ባዶ ነው፤ ፕሮጀክተሩ፣ ኢንተርኔቱና ወንበሩ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። በየወሩ ተራ እየያዙ ማስተናገድ ወጪን ከመቀነሱም ሌላ፣ ባለሙያው የሌላውን የሥራ አካባቢ እንዲያይ ዕድል ይሰጠዋል። ጉድለቱ አስተናጋጁ ድርጅት መድረኩን የራሱ ማስታወቂያ ሊያደርገው መሞከሩ ነው፤ ለዚህ መድኃኒቱ «አስተናጋጁ ስለ ራሱ ሦስት ደቂቃ ይናገራል፣ ከዚያ አይበልጥም» የሚል ደንብ ቀድሞ ማስታወቅ ነው።

ቦታው ሲጎበኝ መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር መኖሩ፣ የስልክ ቻርጀር መሰኪያ መብቃቱ፣ መጸዳጃ ቤቱ፣ አካል ጉዳተኛ የሚገባበት በር ወይም የሚሠራ ሊፍት መኖሩ ይታይ። ከሁሉም በላይ ከታክሲ መስመር ያለው ርቀት ወሳኝ ነው። ከሜክሲኮ፣ ከመገናኛ፣ ከስታዲየም ወይም ከአራት ኪሎ በእግር ዐሥር ደቂቃ የማያስኬድ ቦታ ይመረጥ። ሁሉም እንደ ራይድና ፈረስ ባሉ በስልክ በሚጠሩ ታክሲዎች የሚመጣ ይመስል ከዋናው መንገድ ርቆ ውስጥ ለውስጥ የሚገኝ ቤት መምረጥ፣ ደመወዛቸው አነስተኛ የሆኑትን ጀማሪዎች በዝምታ ማስቀረት ነው። ሴቶች ባለሙያዎች ከጨለመ በኋላ ታክሲ ፍለጋ እንዳይንከራተቱም ማብቂያው ከ11 ሰዓት ተኩል ማለፍ የለበትም።

የሆቴል አዳራሽ የግድ ከሆነ፣ የሚነገረው ዋጋ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክሱንና የአገልግሎት ክፍያውን ያካተተ መሆኑ በጽሑፍ ይረጋገጥ።

አምስተኛ፦ ሕጋዊ ጉዳዮችን ማጣራት

አዋጅ ቁጥር 3/1983 የሚመለከተው ሰላማዊ ሰልፍንና ሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባን ነው፤ ሃያ የሙያ ሰዎች ስለ ማስታወቂያ ዋጋ የሚነጋገሩበት መድረክ በዓላማው ከዚያ የተለየ ነው። ቢሆንም የአዳራሽ ባለቤቶችና የሕንፃ ጥበቃዎች በራሳቸው አሠራር ደብዳቤ ሊጠይቁ ስለሚችሉ፣ የስብሰባውን ዓላማ፣ ቀን፣ ሰዓትና የተሳታፊ ብዛት የሚገልጽ በአስተናጋጁ ድርጅት ማኅተም የተረጋገጠ አንድ ገጽ ደብዳቤ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ። በዕለቱ በር ላይ ከመከራከር ያድናል።

የተመዝጋቢዎች ስም፣ ስልክና መሥሪያ ቤት የግል መረጃ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ዝርዝሩን ለስፖንሰር አሳልፎ መስጠት ከነውርነቱ ሌላ የሕግ ጥያቄም ያስነሣል። ምዝገባው ላይ የሚጠየቀው ለመድረኩ የሚያስፈልገው ብቻ ይሁን፤ ለምን እንደሚጠየቅም በአንድ መስመር ይገለጽ።

ስድስተኛ፦ ግብዣና ምዝገባ

ግብዣው ከሁለት ሳምንት በፊት ይውጣ። የመጀመሪያዎቹ 15 ሰዎች በአዘጋጆቹ በስልክ ቢጋበዙ ይሻላል። እንግዳ ለሆነ ሰው በቴሌግራም የተላከ ግብዣ ከመቶዎቹ ማስታወቂያዎች አንዱ ሆኖ ያልፋል፤ ደውሎ «እርስዎ በዚህ ጉዳይ ልምድ እንዳለዎት ሰምቼ ነው» ማለት ግን ሰውን ያመጣል። በዕድሜ ወይም በሥራ ልምድ ለሚበልጡ ሰዎች አክብሮቱ በጽሑፉም ላይ ሊጠበቅ ይገባል፤ በገጽ ላይ የለመድነው የ«አንተ» እና የ«አንቺ» አነጋገር በግብዣ ላይ አይሆንም። ለሁሉም የሚላከው ጽሑፍ የሚከተለውን ሊመስል ይችላል።

«ለተከበሩ የማኅበራዊ ሚዲያ ባለሙያዎች፦ ወርኃዊው የሙያ መድረካችን ቅዳሜ ጥቅምት 14 ቀን 2019 ዓ.ም. (በጎርጎርዮሳዊው ኦክቶበር 24) ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል ይካሄዳል። የዕለቱ ርእስ የተጠለፈ ገጽን ማስመለስና መጠበቅ ነው። ቦታው ለ25 ሰው ብቻ የሚበቃ ስለሆነ እስከ ረቡዕ ድረስ እንዲመዘገቡ፣ ሲመዘገቡም በሥራዎ ላይ የገጠመዎትን አንድ ችግር በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፉልን በአክብሮት እንጠይቃለን። መምጣት ካልቻሉ አንድ ቀን ቀድመው ቢያሳውቁን ቦታውን ለሌላ ባለሙያ እንሰጣለን።»

በምዝገባው ላይ «የገጠመዎት ችግር» የሚለው ጥያቄ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ የዕለቱ ውይይት በምን ላይ እንደሚሆን ለአዘጋጁ ያሳየዋል፤ ሁለተኛ ለመቁጠሪያ ያህል ስሙን የሚያስመዘግበውን ሰው ያጠራል። ችግሩን የጻፈ ሰው መልሱን ፍለጋ ይመጣል። ነፃ ዝግጅት ላይ ከተመዘገቡት መካከል የማይመጡት ብዙ ስለሚሆኑ ከቦታው አቅም ትንሽ አልፎ መመዝገብ፣ ዋዜማው ላይም አጭር የስልክ መልእክት መላክ ያስፈልጋል።

የአባላቱ ስልክ ቁጥር ከቴሌግራም ግሩፑ ውጭም ይቀመጥ። ከየካቲት 2015 ጀምሮ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገሪቱ ለወራት በተገደቡ ጊዜ፣ ሰዎቻቸውን በግሩፕ ብቻ ያሰባሰቡ አዘጋጆች በመደበኛ መንገድ ሊያገኟቸው አልቻሉም። የኤስኤምኤስ ዝርዝር ያረጀ ቢመስልም እንዲህ ባለ ጊዜ የሚያገለግለው እርሱ ነው።

ሰባተኛ፦ ርእስ መምረጥ

«የዲጂታል ዘመንና የኢትዮጵያ ዕድል» የሚል ርእስ የተሰጠው ስብሰባ ንግግር ይወልዳል፤ ሥራ አይወልድም። ርእሱ ሰኞ ጠዋት ቢሮ ሲገባ የሚያገለግል ይሁን። በዚህ ከተማ ለአንድ ዓመት የሚበቁ ርእሶች ሞልተዋል።

የገጽ ጥበቃ ከሁሉ ይቀድማል። የድርጅቱ ገጽ በአንድ ሠራተኛ የግል አካውንት ስም ብቻ ተከፍቶ፣ ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ ወይም አካውንቱ ሲጠለፍ ገጹ አብሮ የሚጠፋበት ታሪክ በየመሥሪያ ቤቱ አለ። በስብሰባው ላይ ላፕቶፕ ከፍቶ፣ የንግድ ፖርትፎሊዮ (የገጾችና የማስታወቂያ አካውንቶች የጋራ ማስተዳደሪያ) በድርጅቱ ስም እንዴት እንደሚከፈት፣ ሁለት ሙሉ ሥልጣን ያላቸው አድሚኖች ለምን እንደሚያስፈልጉ፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ በኤስኤምኤስ ሳይሆን በማረጋገጫ መተግበሪያ ቢሆን ለምን እንደሚሻል ደረጃ በደረጃ ማሳየት ይቻላል። ተሳታፊዎቹ እዚያው ተቀምጠው የየራሳቸውን ቢያስተካክሉ ያ ስብሰባ ግቡን መቷል።

ሁለተኛው የማስታወቂያ ክፍያ ነው። የአገር ውስጥ የብር ካርዶች በሜታ (በፌስቡክ ባለቤት) እና በጉግል የማስታወቂያ ሥርዓት ስለማያገለግሉ፣ ብዙ ሰው ቦስት የሚያደርገው፣ ማለትም ልጥፉ ለብዙ ሰው እንዲታይ የሚከፍለው፣ በሌላ ሰው ካርድ ነው። ይህም የማስታወቂያ አካውንቱን ለእገዳ፣ ደንበኛውን ደግሞ ደረሰኝ ለማጣት ይዳርገዋል። ባንኮች በውጭ ምንዛሪ ከሚሰጧቸው ካርዶች የትኛው ለምን እንደሚያገለግል በቅርቡ የተጠቀመ ባለሙያ ቢያስረዳ፣ ከየትኛውም ሥልጠና ይበልጣል።

ሦስተኛው ሕግ ነው። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012፣ ሐሰተኛ መረጃው የተሠራጨው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከሆነ ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ እንደሚደርስ ይደነግጋል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ያላቸው የድርጅት ገጾች ብዙ ናቸው፤ ገጹን የሚይዘው ወጣት ግን ይህን ላያውቅ ይችላል። ለዚህ ርእስ የሕግ ባለሙያ መጋበዝ ተገቢ ነው።

ከእነዚህ ሌላ በቲክቶክ የንግድ አካውንት የሚከፍቱ ድርጅቶች መጠቀም የሚችሉት ለንግድ የተፈቀዱ ሙዚቃዎችን ብቻ መሆኑ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ በአንድ ልጥፍ ሥር የሚጎርፍን አስተያየት እንዴት መከታተል እንደሚቻል፣ ከደንበኛ ጋር የሚፈረም ውል ምን መያዝ እንዳለበት፣ የወር ዋጋ እንዴት እንደሚተመን ጥሩ ርእሶች ናቸው። ዋጋ ላይ ሁሉም ስለሚሸማቀቅ፣ እያንዳንዱ ስሙን ሳይጽፍ በወረቀት ላይ የሚያስከፍለውን ቢያሰፍርና በሰሌዳ ላይ ቢነበብ ጥሩ ነው።

ስምንተኛ፦ በዕለቱ

አዘጋጁ ከ8 ሰዓት ጀምሮ ቦታው ላይ ይገኝ። ወንበሮቹ በአዳራሽ ረድፍ ሳይሆን አምስት አምስት ሰው በሚይዙ ክቦች ይደርደሩ። ከፊት መድረክ ካለ ይተው፤ ሰው ከፍ ብሎ ሲቀመጥ ሌላው ዝም ይላል። በር ላይ አንድ ሰው ቆሞ እያንዳንዱን በስሙ ይቀበል። በደረት ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ስምን ብቻ ሳይሆን «ስለ ምን ልጠየቅ» የሚለውን ሁለተኛ መስመር ይያዝ፦ የቴሌግራም ቦት፣ የቪዲዮ ኤዲቲንግ፣ የባንክ ገጽ፣ የችግር ጊዜ ምላሽ። የማይተዋወቁ ሰዎች ወሬ የሚጀምሩት ከዚያ መስመር ነው።

ሻይ ቡናው ከመጀመሪያው ይቅረብ። ብዙ ዝግጅት መጨረሻ ላይ ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ ግን ሰው ታክሲውን እያሰበ ነው። የሚቀርበው ምግብ ሁልጊዜ የጾም ይሁን፤ ጾመኛውም የማይጾመውም ይበላዋል፣ ዐቢይ ጾም ነው ፍልሰታ ነው እያሉ በየወሩ መቁጠርም አይኖርም።

ከ9 ሰዓት እስከ 9 ተኩል ሰው ይግባ፣ ይተዋወቅ። በሰዓቱ የመጡትን ለማክበር የመድረኩ ሥራ 9 ተኩል ላይ ያለ ምንም ጥበቃ ይጀመር። «ሰው ትንሽ ይሙላ» ብሎ አንድ ጊዜ የጠበቀ አዘጋጅ በሚቀጥለው ወር ሁሉም በ10 ሰዓት ሲመጣ ያያል። የመተዋወቂያው ዙር ለአንድ ሰው ከ30 ሰከንድ አይለፍ፤ ስም፣ የሚሠሩበት ቦታ፣ ያመጡት ችግር። የሥራ ልምድ ዝርዝርና የማዕረግ ስም እዚህ ቦታ የላቸውም።

ቀጥሎ የዕለቱ ርእስ አቅራቢ ይናገራል። ጊዜው አጭርና የማይለጠጥ ይሁን። በ2003 እ.ኤ.አ. በቶኪዮ የተጀመረው ፔቻኩቻ የተባለው አቀራረብ ሃያ ስላይድ፣ ለእያንዳንዱ ሃያ ሰከንድ ብቻ ይፈቅዳል፤ በጠቅላላው 6 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይሆናል። ሥርዓቱን እንዳለ መውሰድ አያስፈልግም፤ መንፈሱን ግን መውሰድ ይጠቅማል። ዐሥር ደቂቃ ከተሰጠው ተናጋሪ ዐሥር ደቂቃ የተመጠነ ሐሳብ ይገኛል፤ «እስኪበቃዎት ይናገሩ» ከተባለው ግን ጊዜው ያልቃል።

የቀረው አንድ ሰዓት የመድረኩ ዋና ሥራ ነው። ለዚህ የሚስማማው በ2009 እ.ኤ.አ. በሲያትል ጂም ቤንሰንና ጄረሚ ላይትስሚዝ የጀመሩት ሊን ኮፊ የተባለው የውይይት ዘዴ ነው። በእያንዳንዱ ክብ ውስጥ ያሉት አምስት ሰዎች ችግራቸውን በቁራጭ ወረቀት ይጽፋሉ፤ ወረቀቶቹ መካከል ላይ ይቀመጡና እያንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት ነጥብ በፈለገው ላይ ያደርጋል። ብዙ ነጥብ ካገኘው ይጀመራል፤ ለእያንዳንዱ ጉዳይ ስምንት ደቂቃ ይሰጣል፤ ጊዜው ሲያልቅ «እንቀጥል ወይስ እንለፍ?» ተብሎ በእጅ ምልክት ይወሰናል። ዘዴው ለእኛ የሚጠቅምበት የተለየ ምክንያት አለ። ከታላላቆች ፊት ጀማሪው ሐሳቡን በቃል ለመናገር ይቸገራል፤ በወረቀት ከጻፈ ግን ችግሩ ከአለቃው ችግር እኩል ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። አወያዩ ክቦቹን እየዞረ ይመልከት፤ አንድ ሰው ብቻ የሚናገርበት ክብ ካለ ዝም ያሉትን በስማቸው ጠርቶ ይጠይቅ። ሴቶች ባለሙያዎች ሲናገሩ መሀል የመግባት ልማድ ካለም በትሕትና ግን በግልጽ ያስቁም።

ከ11 ሰዓት በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት ነፃ ይተው። ሥራ የሚፈልጉና ሠራተኛ የሚፈልጉ ሰዎች የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው፤ መርሐ ግብር ሊሠራለት አይገባም።

ዘጠነኛ፦ የሚነገረውንና የሚነሣውን ፎቶ መጠበቅ

ተሳታፊዎቹ የሚያወሩት ስለ ደንበኞቻቸው ነው፤ ተፎካካሪዎችም አብረው ተቀምጠዋል። ስለዚህ በ1927 እ.ኤ.አ. በለንደን ከወጣው የቻተም ሃውስ ደንብ መበደር ይቻላል፦ ተሳታፊው የሰማውን ዕውቀት ሊጠቀምበት ይችላል፤ ማን እንደተናገረውና የየትኛው ድርጅት ሰው እንደሆነ ግን አይገልጽም። ደንቡ በየስብሰባው መጀመሪያ በቃል ይነገር። ስክሪን ላይ የደንበኛ ገጽ ሲታይ ፎቶ አይነሣም። በዚህ ሙያ ላይ ላለ ሰው ላይቭ አትግቡ ማለት ከባድ መሆኑ ይገባኛል፤ ለዚሁ ሲባል ሁሉም ፈቅዶ የሚነሣው አንድ የቡድን ፎቶ መጨረሻ ላይ ይደረግ፣ መነሣት የማይፈልግም ገለል ይበል።

ዐሥረኛ፦ ወጪ

አስተናጋጁ ድርጅት ቦታውን ከሰጠ የሚቀረው ሻይ ቡናና ዳቦ ነው። ይህን እያንዳንዱ በቴሌብር ወይም በባንክ ከሚያዋጣው ትንሽ ገንዘብ መሸፈን ይቻላል፤ የተሰበሰበውና የወጣው በዚያው ሳምንት በግሩፑ ላይ ይለጠፍ። ጥቂት ብር የከፈለ ሰው ሳይመጣ የመቅረቱ ነገርም ይቀንሳል። ስፖንሰር ሲመጣ ሦስት ነገሮች እንደማይሰጡት አስቀድሞ ይነገረው፦ የአባላት ዝርዝር፣ ርእስ የመምረጥ መብትና ከሦስት ደቂቃ በላይ ንግግር። በእነዚህ የሚስማማ ስፖንሰር ጥቂት ነው፤ የማይስማማው ባይመጣ ይሻላል።

ዐሥራ አንደኛ፦ ከስብሰባው በኋላ

እሑድ ማታ ሳያልፍ አወያዩ በየክቡ የተገኙትን መፍትሔዎች ያለ ስም በአንድ ገጽ ጽፎ በግሩፑ ይላክ። ለአንድ ሰው የተገባለት ቃል ካለ፣ ለምሳሌ የውል ናሙና ወይም የሕግ ባለሙያ ስልክ፣ በሦስት ቀን ውስጥ መድረሱን አዘጋጁ ይከታተል። ግሩፑ ራሱ ለሙያ ጥያቄና ለሥራ ማስታወቂያ ብቻ ይዋል፤ የመልካም በዓል ካርድና «ላይክ አድርጉልኝ» ከበዛበት ሰው ድምፁን አጥፍቶ ይተወዋል።

በየስድስት ወሩ ከሦስቱ አዘጋጆች አንዱ ይቀየር። የሚወጣው ሰው የግሩፑን አድሚንነት፣ የምዝገባ ቅጹን፣ የስልክ ዝርዝሩንና የሂሳብ መዝገቡን ለተተኪው በአካል ያስረክብ፤ ርክክቡም ሁለቱ ባሉበት ተተኪው በራሱ ስልክ ገብቶ ሲያረጋግጥ ይጠናቀቃል።